የረገበው ፊት

ማታ ሳስቀምጠው ሰው ይመስል ነበር። በር አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያሳረፈ ሽማግሌ። ሰዎች አስፈሪ ጭምብልና ልብስ ለሚያደርጉበት ለሃሎዊን በዓል ብዬ በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያው አሻንጉሊት ነው። አካሉን ከአሮጌ ልብስና ከእንጨት አበጀሁት። ፊቱ ግን የተገዛ የጎማ ጭምብል ነበር። ያ ከአናት እስከ አንገት የሚጠለቀው ዓይነት።

ጠዋት በሩን ስከፍት ሌላ ሰው ጠበቀኝ። ቅንድቡ ዓይኑ ላይ ወርዷል። አፍንጫው ወደ ግራ ጋደል ብሏል። አገጩ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ውስጡ የጠቀጠቅሁት ፌስታል ሁሉ ሌሊቱን ቁልቁል ወርዶ አንገቱ ላይ ተከማችቷል። የእህቴ ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዝም ብላ አየችውና፣ «ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ?» አለችኝ።

አልፈራችም፤ አዘነችለት። እኔም አብሬያት አዘንኩ። ለሳምንታት የለፋሁበት ነገር በአንድ ሌሊት ተበላሸ። ጥያቄዋ ግን ከዚያ በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጅቷ ልክ ነበረች። ሰው ሲታመምና ሲከሳ ፊቱ የሚረግበው ከሥር የሚደግፈው ነገር ሲሳሳ ነው። የእኔ ሽማግሌም የጎደለው እሱ ነበር። ከቆዳው በታች ምንም የለውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ራሶች ሞልቻለሁ። በጋዜጣ፣ በጨርቅ፣ በትራስ ጥጥ፣ በፎም። አንዳንዶቹ አምረዋል፣ አንዳንዶቹ ተበላሽተዋል። የጎማ ጭምብል ሰው ሳይለብሰው ፊት ሆኖ እንዲቆም ምን እንደሚፈልግ ያስተማሩኝ በተለይ የተበላሹት ናቸው።

መጀመሪያ ጭምብሉ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ቀራጩ ፊቱን በጭቃ ያበጀዋል። በላዩ ላይ ጄሶ ይፈስበታል። ጄሶው ሲጠነክር ጭቃው ይወጣና የፊቱ ግልባጭ የሆነ ጎድጓዳ ቅርጽ ይቀራል። እዚያ ውስጥ ፈሳሽ ላቴክስ ይሞላል፤ ከጎማ ዛፍ የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት ማለት ነው። ጄሶ ውኃ ይጠጣል። ውኃውን ሲመጥጥ ግድግዳውን የነካው ላቴክስ እየወፈረ ቆዳ ይሠራል። የተረፈው ፈሳሽ ይገለበጣል። ቆዳው ሲደርቅ ተልጦ ይወጣል። ያ ነው ጭምብሉ።

ስለዚህ እጃችን ላይ ያለው ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ልጥ ነው። ልጡ የፊቱን ቅርጽ ያውቃል። ጨምቀው ሲለቁት ይመለሳል። ግን የራሱን ክብደት ለቀናት ተሸክሞ የመቆም አቅም የለውም። ሲሠራም እንዲቆም ታስቦ አልነበረም። የሰው ራስ ይገባበታል ተብሎ ነው የተሠራው። ግንባሩን ግንባር፣ ጉንጩን የጉንጭ አጥንት፣ አናቱን የራስ ቅል ይይዝልኛል ብሎ የተማመነ ነገር ነው። ራሱ ሲወጣ ሁሉም ይወርዳል።

በዚያ ላይ ብዙ ጭምብሎች ተጣጥፈው ነው የሚመጡት። በካርቶን ውስጥ ወራት ተጨፍልቆ የቆየ ፊት ጉንጩ ላይ ስንጥቅ የመሰለ መስመር ይይዛል። መሙላት ከመጀመሬ በፊት እሱን አስተካክላለሁ። ውስጡን በፎጣ አላላ አድርጌ እነፋዋለሁ። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ፣ ራቅ አድርጌ፣ እያንቀሳቀስኩ አሞቀዋለሁ። ጎማው ለብ ሲል ይላላል። በጣቴ እጥፉን ከውስጥ ወደ ውጭ እገፋና እስኪቀዘቅዝ ይዤ እቆያለሁ። አንዴ ካልሆነ ሁለቴ። ችኩል ሰው ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ያበዛና ቀለሙን ያበላሻል። ይህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ኃይል አይፈልግም።

ስለ መሙያዎቹ ልናገር።

ጋዜጣ ሁሉም የሚጀምርበት ነው። ቀላል ነው፣ በእጅ ይገኛል። ግን ሲጨመደድ ማዕዘን ያወጣል። ያ ማዕዘን ቀጭን ጎማ ሥር እንደ አጥንት ስብራት ይታያል። እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ያበቅላል። የጋዜጣ ቀለም ቅባትነት አለው፤ ላቴክስ ደግሞ ቅባት አይወድም። ለአንድ ሌሊት ጋዜጣ ይበቃል። ለዓመታት የሚቀመጥ ፊት ውስጥ ግን አልከትም።

ፌስታል ያንሸራትታል። የኔን ሽማግሌ ያዋረደው እሱ ነው። ፌስታል ከፌስታል ጋር አይያያዝም፣ ከጎማውም ጋር አይያያዝም። ክብደቱ ሁልጊዜ ቁልቁል መንገድ ያገኛል።

የትራስ ጥጥ የሚባለው ሰው ሠራሽ ነጭ ጭረት ነው እስከ ዛሬ ልቤ ያለው። ቀላል ነው። እርጥበት አይዝም። እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ስለዚህ ያስቀመጡት ቦታ ይቆያል። ደግሞ ሊጨመርበትም ሊቀነስለትም ይችላል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ፎሙ ካስተማረኝ በኋላ ነው።

ፎም ስል በቆርቆሮ ጣሳ የሚመጣውን፣ ሲነፋ እንደ አረፋ እየተነፋፋ የሚጠነክረውን ማለቴ ነው። የበርና የመስኮት ክፍተት የሚደፈንበት ፖሊዩሬቴን። ብዙ ሰው ጭምብል ለመሙላት መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። እኔም አሰብኩት። ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል። አፍንጫውን ወደ ታች ገልብጦ መንፋት፣ መተኛት፣ ጠዋት ደረቅ ራስ ይዞ መነሳት።

የሞላሁት የጠንቋይ ሴት ፊት ነበር። በጣም የምወደው ፊት ነው። ቀጭን፣ ጉንጩ የገባ፣ አፍንጫው የጎበጠ። ግማሹን ሞላሁና አቆምኩ፤ ይነፋል ብዬ ነው ያቆምኩት። ነፋ። ጠዋት ሳየው የገባው ጉንጭ ወጥቷል። ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። አፍንጫው አጠገቡ ያለው ሁሉ ስላበጠ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ንብ የነደፈው ሰው ይመስል ነበር። ያ ሁሉ የቀራጩ ጥበብ፣ ያ የከሳ ፊት፣ አንድ ክብ ነገር ሆነ።

ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ፎም ፊት አያውቅም። የሚያውቀው የቱ ጋ ጎማው እንደሚላላ ብቻ ነው። ወደ ለስላሳው ይሄዳል። በፊት ላይ ለስላሳው ደግሞ ጉንጭ ነው፤ ያ ባዶ መሆን ያለበት ቦታ። አፍንጫ ጫፉ ጠባብና ወፍራም ስለሆነ አየር ይዞ ይቀራል፣ ፎሙም አይደርስበትም። ስለዚህ መሙላት ያለበት ባዶ ይቀራል፣ ባዶ መሆን ያለበት ይሞላል።

በዚህ አላበቃም። ከሦስት ቀን በኋላ የጭምብሉ ጀርባ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ገና ያልደረቀ፣ የሚያጣብቅ፣ ቢጫ ፎም ወጣ። ደርቋል ብዬ እንጨት ላይ ሰክቼው ነበር። ይህ የጣሳ ፎም የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። አየር የነካው ውጪው ቶሎ ይደርቅና ክዳን ይሆናል። ጎማውም ዙሪያውን አየር ይከለክላል። መሃሉ እርጥበት አጥቶ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ በቀናት ውስጥ፣ መነፋቱን ይቀጥላል። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መሙላት ትርፉ ይሄ ነው።

ፖሊዩሬቴን እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን በኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ የተገኘ ነገር ነው። ዛሬ ፍራሽ፣ የጫማ ሶል፣ የማቀዝቀዣ ግድግዳ ሁሉ በውስጡ አለበት። ስለ እሱ ማንበብ የጀመርኩት ያቺን ጠንቋይ ካጣሁ በኋላ ነው። ንባቡ ፎምን እንድጠላው አላደረገኝም። ቦታውን አሳየኝ እንጂ። ከላይ የተናገርኩት ባለ አንድ ጣሳው ነው። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ሌላ ዓይነትም አለ። እሱ እርጥበት አይጠብቅም፣ ሁለቱ ፈሳሾች እርስ በርስ ስለሚሠሩ መሃሉም ይጠነክራል። ግን ሲሠራ ይሞቃል፣ ፍጥነቱም እጅን አይጠብቅም። ሁለቱም ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሳይደርቅ ውስጡ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሳንባን ያስቆጣል፣ አለርጂም ያስይዛል። ጓንት፣ መነጽር፣ የተከፈተ መስኮት ግድ ነው። የጣሳው ጋዝ እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ አጠገቡ ሻማም ሲጋራም አይኑር። እጅ ላይ ከደረቀ በኋላ ምንም አያስለቅቀውም። ቆዳው እስኪታደስ ይዞት መሄድ ነው።

ዛሬም ፎም የምጠቀመው እንዲህ ነው። ቀጭን ንብርብር፣ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ፣ እነፋለሁ። ውኃ በመርጫ ጭጋግ አደርግበታለሁ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሌላ ንብርብር። የሚመረጠውም ለበርና ለመስኮት ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ የሚነፋው ነው። ያ ትልቅ ጉድጓድ መሙያው አይሆንም። ጭምብሉንም እንዲሁ አላንጠለጥለውም። ባልዲ ውስጥ ደረቅ አሸዋ እጨምርና ፊቱን ቁልቁል አድርጌ አሸዋው ውስጥ እቀብረዋለሁ። ቀጭን ፕላስቲክ በመሃል አነጥፋለሁ። አሸዋው ጉንጩን ከውጭ ይይዘዋል። ፎሙ ሲገፋ ጎማው የሚሸሽበት ቦታ አያገኝም። ጠንቋይዋን እንዲህ አድርጌያት ቢሆን ኖሮ ዛሬም ፊቷን አይ ነበር።

ፎም ከላቴክስ ጋር ከተጣበቀ መለያየት የለም። ጭምብሉን አንድ ቀን ሊለብሰው የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ውስጡን በስስ ፌስታል ይሸፍነው። እኔ ግን አሁን ፎም የማደርገው ከኋላና ከአናት ላይ ብቻ ነው። ፊቱን ለፎም አልሰጥም።

ፊቱ የእጅ ሥራ ነው።

ይህን ያወቅሁት በመስታወት ፊት ነው። አንድ ቀን ማታ ግራ ገብቶኝ የራሴን ፊት መዳሰስ ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቶቼ ጫፍ። ቅንድቤ ሥር ጠንካራ ነው። ከሱ ወረድ ሲል ዓይኑ የተቀመጠበት ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ በታች የጉንጭ አጥንት ይነሳል፣ ወደ ጆሮ ይዞራል። ከሱ በታች ምንም የለም፤ ጣቴ ገብቶ ጥርሴ ላይ ይቆማል። ከዚያ መንጋጋ። ከዚያ አገጭ። ዓይን ደግሞ ሁላችንም ከምናስበው ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት በግምት መሃሉ ላይ። ፊት ማለት ለካ ጠንካራ ቦታና ባዶ ቦታ በተራ በተራ የተደረደረበት ነው።

ከዚያ በኋላ ጭምብልን «መሙላት» የሚለውን ቃል በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርኩ። የምሠራው አጥንት ነው። ባዶ መሆን ያለበትን ባዶ አድርጎ መተውም የሥራው ግማሽ ነው።

አሁን የምጀምረው ከትንሹ ነው። ጥጡን በጣት ጫፍ ቆንጠር አድርጌ፣ ጠበቅ አድርጌ አድበለብለውና አፍንጫው ጫፍ ውስጥ እከተዋለሁ። በእርሳስ ጀርባ እገፋዋለሁ። ቀጥሎ አገጭ። ቀጥሎ ከንፈር፣ ካለው በጣም ትንሽ። ጆሮውም ክፍት ከሆነ እዚያም። ከዚያ ቅንድቡን የሚይዝ፣ ከግራ እስከ ቀኝ የሚሄድ አንድ ወፈር ያለ ገመድ ከስፖንጅ እቆርጣለሁ። የጉንጩን አጥንት እንዲሁ በስፖንጅ፣ ግማሽ ጨረቃ አድርጌ። እነዚህን በሙጫ ከውስጥ አጣብቃቸዋለሁ፤ ቦታቸውን እንዳይለቁ። ከየቁራጩ በኋላ ገልብጬ ከፊት ለፊት አያለሁ። ይህን መዝለል አይቻልም። ከውስጥ ትክክል የመሰለ ነገር ከውጭ ሲታይ እባጭ ይሆናል።

የጉንጩ ጉድጓድ ውስጥ ምንም አላደርግም።

ከዚያ ነው ትልቁ ነገር የሚገባው፤ ዋናው ራስ። የዊግ ማስቀመጫ የሆነው ነጭ የፖሊስቲሪን ራስ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ከአዋቂ ሰው ራስ ያነሰ ነው፣ አንገቱም ቀጭን ነው። ጭምብሉን እሱ ላይ ብቻ ያጠለቀ ሰው ፊቱ ልክ የሌለው ኮት ለብሶ ያገኘዋል። እኔ አናቱንና ጎኑን በስፖንጅ እጠቀልለዋለሁ፣ ወደ እውነተኛ ራስ ልክ እስኪመጣ። ከዚያ በቀስታ እከተዋለሁ። ጎማው እንዳይዝ ታልክ ፓውደር ውስጡ እነሰንሳለሁ። ቫዝሊንና ዘይት በፍጹም። ላቴክስን ያለሰልሱታል፣ ያሳብጡታል፣ በመጨረሻም ያፈርሱታል። ፖሊስቲሪኑ ደግሞ የራሱ ጠላት አለው። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ወይም ጠንካራ መሟሟቻ ያለው ስፕሬይ ቀለም ከነካው ዓይንህ እያየ ይቀልጣል።

ስለ ዓይን ብዙ ማለት እችላለሁ። ብዙ ጭምብል የዓይኑ ቦታ ቀዳዳ ነው፣ የለባሹ ዓይን ይታይበታል ተብሎ። ራሱ ጥሩ ቢሞላም ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ጥጥ ከታየ ሁሉም ነገር ያበቃል። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ለሁለት ቆርጬ እጠቀማለሁ። ኳሱ 40 ሚሊሜትር ነው፣ የሰው ዓይን 24 ገደማ። ትልቅ ይመስላል፤ ግን ከቀዳዳው ኋላ የሚታየው ትንሽ ክፍሉ ብቻ ነው። የጭምብል ፊትም ራሱ ከሰው ፊት ገዘፍ ያለ ስለሆነ ይመጣጠናል። ብሌኑን በቀለም ከሠራሁ በኋላ ጥርት ያለ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ። ብርሃን ሲያርፍበት እርጥብ ይመስላል። ያ እርጥበት ከደም ቀለም ሁሉ በላይ ያስፈራል። ሁለቱም ዓይኖች አንድ ቦታ ማየት አለባቸው። እኔ ወደ ታች አደርጋቸዋለሁ፣ ልጅ የሚቆምበት ከፍታ ላይ። መብራት ከውስጥ የሚፈልግ ሰው ኤልኢዲ ያድርግ እንጂ ሻማ አያስብ። ጎማውም፣ ፎሙም፣ ጥጡም ይነዳሉ።

አንገትን በፍጥነት ልለፈው። መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም እንጨት እስከ አናት ድረስ መግባት አለበት። አንገት ላይ ብቻ የቆመ ራስ በነፋስ ይዞራል። ራሱም ቀላል ይሁን። አንዴ ጄሶ የሞላበት ሰው አውቃለሁ፣ ቆንጆ ሆኖለት ነበር፤ ክብደቱ ግን አካሉን ይዞት ወደቀ።

ይህን ሁሉ ከሠራሁ በኋላም ጎማው እንደሚሞት አውቃለሁ። ላቴክስ ከዛፍ የመጣ ነገር ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ይሰነጥቀዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከሰልፈር ጋር አሙቆ ጥንካሬ ሰጠው፤ ከዚያ በፊት ጎማ በሙቀት ይቀልጥ፣ በብርድ ይደርቅ ነበር። ዘላለማዊ ግን አላደረገውም። ስለዚህ በዓሉ ሲያልፍ ጭምብሎቼን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ፓውደር አድርጌ፣ ከነሙሊታቸው፣ ምንም ሳይደገፍባቸው። የተሞላ ፊት ካልተጣጠፈ እጥፍ አይዝም። ባዶውን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ መክተት ግን ለሚቀጥለው ዓመት ራስህ ላይ ሥራ መጨመር ነው።

ያ ሽማግሌ አሁንም አለ። ጆሮው አጠገብ ትንሽ ተሰንጥቆ በፈሳሽ ላቴክስና በስስ ጨርቅ ከውስጥ ጠግኜዋለሁ። ፈሳሹ እንዳይረጋ አሞኒያ ስላለበት ሽታው ቤቱን ለሰዓታት ይዞት ነበር። ዘንድሮ ሙሊቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ አድጋለች። አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ እያድበለበለች ታቀብለኝ ነበር። ሲያልቅ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነውና ራቅ ብለን አየነው።

«ግራ ቅንድቡ አሁንም ደክሞታል» አለችኝ።

እኔ አልታየኝም ነበር። ጥጥ ቆንጠር አድርጋ ወሰደችና እጇን ከአንገቱ ሥር አስገባች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ ትንሽ ቆየች። ቅንድቡ ቀስ ብሎ ተነሳ።